ለአርባቸው ያዘዙት ቅቤ

እትዬ ስንዱ ሞቱ ተብሎ ሲደወልልኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ይርጋስ?» የሚል ነበር።

የደወለችልኝ ልጃቸው ትዕግስት ናት። እኔ ለመድኃኒት ቤቴ ዕቃ ልገዛ ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። «ይርጋማ ምን ይሆናል? ደህና ነው፤ ሞጣ ተቀምጧል» አለችኝ። እንባዬ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ለእናቷ መስሏት አብራኝ አለቀሰች። ለእናቷም ነበር፤ ግን ከሐዘኑ በፊት የመጣብኝ ንዴት ነው። እትዬ ስንዱ ደረታቸው ተከፍቶ ልባቸው ከተጠገነ በኋላ አራት ፋሲካ ኖረዋል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ማታ ማታ የኮሌስትሮል ክኒናቸውን ሲውጡ ብርጭቆውን ከፍ አድርገው፣ «ይርጋን ሳልቀብር አልቀበርም» ይሉ ነበር። ይኸው እሱ ቆሞ እሳቸው ተቀበሩ።

ይርጋ በዕድሜ ይበልጠኛል። ቢሆንም ከእኔ አንቱታ አያገኝም። ለምን እንደሆነ ስነግራችሁ እናንተም የምትነፍጉት ይመስለኛል።

የተወለድኩት አምበር ነው። ቢቸና መጥቼ ገበያው መግቢያ ላይ መድኃኒት ቤት ስከፍት፣ ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊቴ የእትዬ ስንዱ ቅቤ መሸጫ ነበር። ሐኪም እንዳልሆንኩ እያወቁ «ዶክተሬ» ነበር የሚሉኝ። አንድ ቀን፣ «መድኃኒት የሚሸጥ ሁሉ ዶክተር ከሆነ፣ ቅቤ የሚሸጥ ሁሉ ላም ሊባል ነው» ብዬ ቀለድኩባቸው። ቅር አላላቸውም። «ላም ብባልስ ምን አለኝ? ላም ዋሽታ አታውቅም» አሉኝና ሥራቸውን ቀጠሉ።

አጭር፣ ትከሻቸው ሰፋ ያለ ሴት ነበሩ። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል እንጂ አይጮኽም፤ ስለዚህ የሚያውቃቸው ሰው ዝቅ ብለው ማውራት ሲጀምሩ መውጫ በር ይፈልጋል። አፍንጫቸው ደግሞ የተለየ ነበር። ቅቤው ከተጠቀለለበት የኮባ ቅጠል ሳይፈታ ያሸቱትና፣ «ይህች ላም ገለባ ብቻ ነው የምትበላው» ወይም «ይህ የደጋ ነው፤ ግን ሁለት ሳምንት ከርሟል» ይላሉ። ያመጣችው ገበሬ ትስቃለች፣ ትምላለች፣ መጨረሻ ላይ ታምናለች። ለመፈተን ሲፈልጉ ደግሞ ጥቂት ቆርሰው መዳፋቸው ጀርባ ላይ ይቀቡታል። ንጹሕ ቅቤ በገላ ሙቀት ቀልጦ ወደ ቆዳ ይገባል። የሚረጋ ዘይት የተለወሰበት ግን እንደ ሰም ነጭ ሆኖ ቆዳው ላይ ይቀመጣል። ይህን ለእኔም አስተምረውኛል፤ ለምን እንደሚጠቅመኝ ግን ያን ጊዜ አላወቅኩም።

የቅቤ ነጋዴ ስም የሚፈተነው በሁዳዴ ነው። ሰው ለፋሲካ የሚሆነውን ቅቤ የሚገዛው በጾሙ መጨረሻ ነው፤ ጾመኛ ስለሆነ ደግሞ ሊቀምሰው አይችልም። ስለዚህ ምላሱን ትቶ የሻጯን ስም ያምናል። ለአጭበርባሪ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ለጋ ቅቤ ላይ የሚረጋ ዘይት ለውሶ ይሸጣል፤ ገዢው የሚነቃው ፋሲካ ዕለት ዶሮው ሲቀርብ ነው። በበዓል ደግሞ ማን ሊካሰስ ይሄዳል? እትዬ ስንዱ ሠላሳ ዓመት በሁዳዴ ሲሸጡ ከፋሲካ በኋላ አንድ ሰው እንኳ አኩርፎ ተመልሶባቸው አያውቅም። ቤትም መሬትም ነበራቸው፤ እንደዚህ የሚኮሩበት ነገር ግን አልነበራቸውም።

ይርጋን ሙያ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ከመርጡለ ማርያም ሥራ ፍለጋ ሲመጣ ሚዛን ያዥ አድርገው ቀጠሩት፤ ከዚያ ቅቤ መለየት አስተማሩት፤ ሲያገባ ደገሱለት፤ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና አነሱለት። ስለዚህ አበልጁ ናቸው። በእኛ አገር ወንድም ከወንድሙ ጋር መሬት ተካፍሎ ይጣላል፤ አበልጅ ግን አይከዳም፤ መካከላቸው ያለው የጥምቀት ውሃ ነው። ሞጣ ሄዶ የራሱን ሱቅ ሲከፍት ደንበኛ ያስተዋወቁትም እሳቸው ናቸው። እሳቸው ራሳቸው በየገበያው ቀን ሞጣ ቅቤ ይልኩ ነበር፤ ከደንበኞቻቸው ሁሉ የሚቀርቧቸው የጨርቅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ዘሃራ ነበሩ። ለሁለቱም የሚበቃ ገበያ ነበር። ለይርጋ ግን አልበቃውም።

ሕመሙ የጀመራቸው ደረታቸውን ጨምድዶ በመያዝ ነው። ከገበያ እስከ ቤታቸው ሦስት ጊዜ ያርፉ ጀመር። የደም ምርመራ ውጤታቸውን ይዘውልኝ ሲመጡ አይቼ ደነገጥኩ፤ ኮሌስትሮሉ እንዲያ ሆኖ እስከዚያ ቀን መቆማቸውም ገረመኝ። ልብን የሚመግቡት ደም ስሮች በስብ ተደፍነዋል ተባለ። ትዕግስት አዲስ አበባ ወሰደቻቸው። ደረታቸው ተከፈተ፣ ከግራ እግራቸው ደም ስር ተወስዶ የተደፈኑትን የሚያልፍ አዲስ መንገድ ተሠራላቸው፣ አጥንታቸው በሽቦ ታስሮ ተዘጋ። እግራቸው ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ተሰፍቶ ነበር።

ይርጋ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ጠይቋቸዋል። ብርቱካን ይዞ ነው የሄደው። አልጋቸው ጫፍ ቆሞ እግራቸው በፋሻ ሲታሰር አይቷል፤ እንዲያውም «አይዞሽ አበልጄ፣ እግርሽ ይድናል» ብሎ አልቅሷል። አጠገባቸው በተኛችው ሌላ ሴት አልጋ ላይ ደግሞ ሐኪሙ ስለ ሌላ ዓይነት ጥገና ሲያስረዳ ሰማ፤ የልብ በር ሲበላሽ ከአሳማ በተሠራ በር ሊተካ እንደሚችል። ሌላ ሰው ቢሆን ሰምቶ ይረሳዋል። ይርጋ ግን ጠቅልሎ ሞጣ ድረስ ተሸከመው።

«ለአበልጄ የአሳማ ልብ ገጠሙላት፤» እያለ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ነገረ። «መቼም ክርስትና ያነሳችልኝ ናት፤ ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ግን ለነፍሳችሁ ብዬ ነው። በዚያች እጅ የተነካ ቅቤ ለፋሲካ…» ይልና ራሱን ይነቀንቃል።

ያን ሰሞን ስልክ አይሠራም፣ መንገዱም ሲከፈት ሲዘጋ ነበር። እውነቱን የሚያውቁት ሰዎች አዲስ አበባ ሆነው ወሬው ከሞጣ ቢቸና ደረሰ። እትዬ ስንዱ ከሳስተው፣ ደረታቸው ላይ ትንሽ ትራስ አቅፈው ከመኪና ሲወርዱ ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ትራሱ የሐኪም ትዕዛዝ ነው፤ ሲያስሉ አጥንቱ እንዳይነቃነቅ ደረትን ደግፎ ለመያዝ። ከትራሱ በተጨማሪ በየማታው ክኒን፣ በየቀኑ እርምጃ፣ ለሦስት ወር ከባድ ነገር አለማንሳት፣ ቅቤና ጮማ ደግሞ እስከ መቼውም አለመንካት ታዘዙ። ሠላሳ ዓመት የኖሩበትን ነገር!

«ቅቤ ጠላቴ አይደለም፣ ዶክተሬ» አሉኝ። «ተለያየን እንጂ አልተጣላንም።»

ጠላታቸው ማን እንደሆነ ገና አላወቁም ነበር። ነገሩ የጀመረው በጽዋ ማኅበራቸው ነው። ተራቸው ደርሶ ጠላ አስጠንስሰው ሲጠብቁ፣ ሁለት ሴቶች መጥተው «ስንድዬ፣ አንቺ ታመሻል፤ ዘንድሮ ተራሽ ይለፍሽ፣ ዕረፊ» አሏቸው። አሳቢ ይመስላሉ። ከዚያ ለጎረቤት ያዋሱት ወንፊት ታጥቦ፣ እንደገና ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ተመለሰ። ገበሬዎቹ ቅቤያቸውን በሱቃቸው ፊት ይዘው አልፈው ሌላ ቦታ መሸጥ ጀመሩ። ትዕግስት በሁዳዴ ገበያ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ የያዘችውን ሳትሸጥ ትመለሳለች። አንድ ቀን እኔ ሱቅ ገብታ የይርጋን ወሬ ነገረችኝ፤ እናቷን መንገር ፈርታ። እኔም ፈራሁ። ልብ የታከመ ሰው እንዳይደነግጥ ተብሏል።

ወይዘሮ ዘሃራ ግን አልፈሩም። መኪና በተገኘ ዕለት ከሞጣ መጥተው እፊታቸው ተቀመጡና፣ «ስንድዬ፣ ልብሽ የምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የማን ይሁን ብለሽ ነው?»

«የአሳማ ነው እያለ ነው ይርጋ። እኔ ደግሞ ካንቺ አፍ ልስማ ብዬ መጣሁ።»

እኔ ክኒናቸውን ላደርስ ገብቼ ነበርና አለሁ። እትዬ ስንዱ ቀና ብለው አዩአቸው። ትራሱን አጥብቀው ያዙ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ይርጋ ነው ያለው? ብርቱካን ያመጣልኝ ይርጋ?» አሉ። ወይዘሮ ዘሃራ ከቦርሳቸው በኮባ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። «እኔ ሁዳዴ የለብኝም፤ ቀምሼዋለሁ» አሉ። «ከይርጋ የገዛሁት ነው። ቅመሺው አልልሽም፤ እዪው።» እትዬ ስንዱ ቆርሰው መዳፋቸው ጀርባ ላይ ቀቡት። ጠበቅን። እንደ ሰም ነጭ ሆኖ ቀረ። የእኔንም እጅ ይዘው ቀቡኝ፤ በሌላው እጄ ደግሞ ከራሳቸው ቅቤ። አንዱ ቀለጠ፣ አንዱ ተቀመጠ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ እትዬ ስንዱ የሐኪም ትዕዛዝ የሚያከብር በሽተኛ አላየሁም። ቀድሞ ክኒን ሲረሱ እኔ ነበርኩ የማስታውሳቸው፤ አሁን እሳቸው ቀድመው «አልቆብኛል» ይላሉ። ሹሮ ያለ ቅቤ፣ አትክልት ያለ ቅቤ፣ ፊታቸውን አጨማድደው ይበላሉ። «ይህችን ለይርጋ» ብለው ይጎርሳሉ። በሕይወት ያቆያቸው መድኃኒቱ ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ቂም ያቆየው ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

እርምጃውማ! ሐኪሙ በየቀኑ ሠላሳ ደቂቃ ይራመዱ ብሎ ነበር፤ የት እንደሚራመዱ ግን አልነገራቸውም። እሳቸው ከጊዮርጊስ አጥር ጀምረው ተራቸውን ባሳለፏቸው የማኅበር ሴቶች ደጅ ሁሉ ያልፋሉ። ሴቶቹ በር ላይ ተቀምጠው ምስር በሚለቅሙበት ሰዓት ነው የሚያልፉት። እያንዳንዷ ደጅ ላይ ቆም ይሉና፣ «እንደምን ዋላችሁ! የሐኪም ትዕዛዝ ሆኖብኝ ነው» ይላሉ። ሴቶቹ ምስሩ ላይ ያቀረቅራሉ። አንድ ደጅ አይዘሉም፤ አንድ ቀንም አይቀሩም።

በጾሙ መጨረሻ፣ ከሆሣዕና በፊት ባለው ገበያ፣ ሞጣ እሄዳለሁ አሉ። ሦስት ወራቸው ገና አልሞላም። ትዕግስት አለቀሰች፤ እኔም ሱቄን ዘግቼ አብሬ ሄድኩ። በደብረ ወርቅ በኩል ያለውን መንገድ ሁሉ ትራሳቸውን አቅፈው፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር ዓይናቸውን ጨፍነው ተጓዙ። ገበያው ሞልቶ ነበር። ይርጋ ሱቁ በር ላይ በገዢ ተከቦ ቆሟል። ሲያያቸው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ከዚያ ሊስማቸው እጁን ዘርግቶ መጣ።

«ቁም» አሉት፤ ቀስ ብለው። «ብርቱካን ይዘህ አልጋዬ አጠገብ ቆመህ ነበር?»

«እንዴ አበልጄ፣ ምን ሆንሽ?»

«ቆመህ ነበር?»

«ቆሜያለሁ እንጂ።»

እትዬ ስንዱ ሰው ፊት ባት ማሳየት ነውር ነው ብለው የሚያምኑ፣ ቀሚሳቸው ምድር የሚጠርግ ሴት ናቸው። ትራሱን ለእኔ ሰጡኝ። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ቀሚሳቸውን በግራ በኩል እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡት። ስፌቱ ከቁርጭምጭሚታቸው ተነሥቶ ወደ ላይ እንደ ተሰፋ ጆንያ አፍ ይታያል፤ ገና ቀይ ነው።

«ልቤ ውስጥ የገባው ከዚህ የወጣ ነው» አሉ። «የራሴ ሥጋ ነው። ይህን እግር በፋሻ ሲያስሩት ይህ ሰው አይቶ አልቅሷል። አላየሁም ይበል።»

ይርጋ አየ፤ አላየሁም ማለት አልቻለም። «ሰው ነው ያሳሳተኝ» አለ። የትኛው ሰው እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም። ወይዘሮ ዘሃራ ሰዉን ገፍተው መጥተው የእትዬ ስንዱን ቀሚስ በእጃቸው መለሱላቸው፤ እያለቀሱ ነበር። ያን ዕለት ከቢቸና ይዘን የመጣነው ቅቤ ሁሉ እዚያው አለቀ።

እኔ ግን አልጠገብኩም። ጆሯቸው ሥር ገብቼ፣ «ቅቤውንስ? እጃቸው ላይ ይቀቡላቸውና ይዩት!» አልኳቸው። ገፉኝ። «ዛሬ ጾም ነው» አሉ። «ቀምሶ የሚመሰክር የለም። ገበያ የሚሻማ ሰው ደግሞ ምስክር አይሆንም፤ ‹ለገበያዋ ነው› ይሉኛል። የእግሬን አሳይቻለሁ፤ የእሱን ቀን ይጠብቀዋል።» በተመለስንበት መንገድ ሁሉ ተናድጄባቸው አላናገርኳቸውም።

ከፋሲካ በኋላ ይርጋ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ቢቸና ደጃቸው ወደቀ። የነፍስ አባታቸውም አብረው መጥተዋል። «ልብ የሚረክሰው በቂም እንጂ በመርፌ አይደለም፣ ልጄ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» አሏቸው።

«አባቴ፣ ሳሉንም ቂሙንም ትራስ አቅፌ ችዬው ከርሜያለሁ» አሉ እትዬ ስንዱ። ከዚያ ይርጋን ቁልቁል አዩት። «ድንጋዩን አውርደው። ለሚዛንህ ትፈልገዋለህ።» ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን መዋጥ አቃታቸው። በመጨረሻ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ፤ እሱም ጉልበታቸውን ስሞ ሄደ። እኔ ያን ማታ ክኒናቸውን ሳደርስ ኩርፊያዬን አልደበቅኩም።

«ምን ሆንክ?» አሉኝ።

«ይቅር አሉት አይደለም እንዴ?»

«አፌ ብሏል። ልቤን ግን ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳታነሺ ብሎኛል።» ክኒኗን ዋጡ፣ ብርጭቆውን ከፍ አደረጉ፣ ያችኑ ጸሎታቸውን ደገሙ።

ስማቸው ተመለሰ፤ ገበሬዎቹ ተመለሱ። የማኅበሩ ሴቶችም ተራውን መለሱላቸው፤ ያን ዕለት የደገሱት ድግስ ለሦስት ማኅበር ይበቃል። እሳቸው ግን አንድ ጉርሻ አልቀመሱም፤ ቆመው ሌላው ሲበላ ያያሉ። በየጊዜው ደማቸውን ስናስመረምር ኮሌስትሮሉ ዝቅ እያለ መጣ። ውጤቱን ሳነብላቸው፣ «ይርጋስ ተመርምሮ ያውቃል?» ይሉኛል። ይርጋ ሞጣ ላይ እየከበረ ነበር። ቅቤው ረከስ ይላል፣ ሰው ይገዛል። ወይዘሮ ዘሃራ ቢናገሩ «የስንዱ ወዳጅ ስለሆነች ነው» አሏቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ ይርጋ እውነትም ረስቷል። በየበዓሉ «አበልጄ እንዴት ናት?» ብሎ ሰላምታ ይልክ ነበር። ይህ ከወሬውም በላይ ያንገበግበኝ ነበር።

እትዬ ስንዱን የገደላቸው ልባቸው አይደለም፤ ይህን ሁሉም ይወቅልኝ። የሳንባ ምች ነው። በታመሙበት ሳምንት ልጃቸውንና እኔን አስቀመጡንና ተናዘዙ። ቤቱን፣ መሬቱን፣ ሱቁን ለትዕግስት አሉ። ከዚያ ያን ትራስ አቅፈው ካሳሉ በኋላ፣ «ለአርባዬ የሚሆነውን ቅቤ ከይርጋ ግዙ» አሉ።

ጆሮዬን አላመንኩም። «በእርስዎ ተዝካር ሰው የሚረጋ ዘይት ሊበላ ነው?»

«ለአበልጅህ ተዝካር ነው፣ እሷው ራሷ አዝዛ ነው የሞተችው በሉት። የሞጣ ደንበኞቼም በዋዜማው ይጠሩ፤ የእሱም ደንበኞች ይጠሩ። ወጡን እነሱ ይሥሩት።»

«ምን እንደሚያመጣ እኮ እናውቃለን።»

«አታውቁም» አሉ። «እኔ ነኝ ያሳደግኩት። በቁሜ ብናገር ለገበያዋ ነው ይሉኛል። የሞተ ሰው ገበያ የለውም።» ተጨማሪ አልነገሩንም። እኔ በሆዴ፣ ያን ቆሻሻውን ይዞ ይመጣል፣ ሴቶቹ ሲያነጥሩት ይጋለጣል ማለታቸው ነው አልኩ፤ ተስማማኝም።

አርባቸው ከጾም ውጭ ዋለ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ከሞጣ አንድ ሚኒባስ መጣ። ወይዘሮ ዘሃራ ፊት ወንበር ላይ፣ ከኋላ ዐሥር ያህል ሴቶች፣ ከመካከላቸው ሰባቱ የይርጋ ደንበኞች። ይርጋ ራሱ ከቅቤው ጋር አብሯቸው መጣ። መንገዱን ሁሉ «አበልጄ ይቅር ብላኝ ሞተች፤ ማን ነው በአበልጁ ተዝካር ላይ እንዲህ የሚከበር?» እያለ ነው የመጣው። ሲወርድ ጥቁር ለብሷል፣ አልቅሷል። ዳሱ ውስጥ ድስቶቹ አጠገብ ቅቤውን አስቀመጠና ኮባውን በገዛ እጁ ፈታው።

እኔ አላስቻለኝም፤ ከሁሉ ቀድሜ ቆረስኩ። መዳፌ ጀርባ ላይ ቀብቼ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ነጭ ሆኖ ሲቀመጥ እጄን ከፍ አድርጌ ለሴቶቹ ላሳይ ተዘጋጅቼ ነበር። ቀለጠ። ወዲያው ቀለጠ፤ ቆዳዬ ውስጥ ገባ፤ ሽታው የእትዬ ስንዱ ሱቅ ሽታ ነበር። ንጹሕ ለጋ ቅቤ። እንደዚያ ቀን አዝኜ አላውቅም፤ በቀብሯም እንደዚያ አላዘንኩም። ሞታ እንኳ ሸወዳት አልኩ፤ አንቱታውም ከአፌ ጠፋ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ዘሃራ ተነሥተው መጡ። በጥፍራቸው ጫፍ ወስደው ምላሳቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፤ ከዚያ ለአጠገባቸው ሴት አቀመሱ፣ እሷም ለሌላዋ። ሰባቱም ቀመሱ። ሰባቱም እርስ በርስ ተያዩ።

«ይርጋ፣» አሉ ወይዘሮ ዘሃራ፣ «እነዚህ ሴቶች ስንት ዘመን ደንበኞችህ ናቸው። እንዲህ ያለ ቅቤ ከአንተ ሱቅ ቀምሰን አናውቅም። ይህን የት ደብቀኸው ኖርህ?»

ይርጋ ተከፋ። ከልቡ ነው የተከፋው፤ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እንዴት እንዲህ ትይኛለሽ? የአበልጄ ተዝካር እኮ ነው! ለስንዱ እንዴት አድርጌ ዘይት እለውሳለሁ?»

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው ራሱን የሰማው። ዙሪያውን አየ። ከሴቶቹ አንደኛዋ የያዘችውን ማማሰያ ድስቱ ላይ አስቀመጠችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ለሐዘን እንደሚደረገው። የቀሩትም እንደሷ አደረጉ። ይርጋ በዳሱ ጀርባ ወጣ፤ ሚኒባሱን ሳይጠብቅ ሄደ። አሁን ሞጣ ያለው ሱቁ ጨው ይሸጣል ይባላል፤ ጨው ላይ ምን እንደሚለውስ አላውቅም።

በማግስቱ ተዝካሩ ሆነ። ዶሮው ቀረበ፣ ወጡ ላይ ቅቤው ተንሳፍፏል። እኔ ባለፈው ወር ተመርምሬ የራሴም ኮሌስትሮል ከፍ ብሏል፤ ክኒኑን ከራሴ መደርደሪያ እያወረድኩ እወስዳለሁ። ትዕግስት ይህን ታውቃለችና ሳህኔን እያየች አጠገቤ ቆመች። ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ። ሲያልቅ የውሃ ብርጭቆዬን ከፍ አድርጌ፣ «ይህችን ለይርጋ» አልኩና ጠጣሁት።